በአረጋውያን መርጃ ማኅበር ለሚደረግ ተግባራዊ ምርምር ገንዘቡን ማን ይያዘው፦ ኮሌጁ ወይስ ማኅበሩ?

ጠያቂ፦ ብረት ሠሪው (ምሥራቅ ጎጃም)

እንደምን ከረማችሁ። በምሥራቅ ጎጃም በሚገኝ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የብረታ ብረት ሥራ አሠልጣኝ ነኝ። በዚህ መድረክ የገንዘብ አያያዝንም የአረጋውያን እንክብካቤንም በሥራቸው የሚያውቁ ሰዎች እንዳሉ ስለተረዳሁ ምክራችሁን ለመጠየቅ ጻፍኩ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ሠልጣኞቼን ይዤ የተሰበሩ አልጋዎችን ለመበየድ በከተማችን ወዳለ አንድ የአረጋውያን መርጃ ማኅበር በሄድኩ ጊዜ ነው። አልጋዎቹን በግማሽ ቀን ጨረስን። ልንወጣ ስንል ግን አንዲት ተንከባካቢ ጉልበታቸው አልታጠፍ ያላቸውን አንዲት እናት ሽንት ቤት ስታደርስ አየሁ። በሁለቱ ብብቶቻቸው ሥር እጇን አስገብታ ቀስ እያለች ወደ ቀዳዳው ታወርዳቸዋለች፤ እንዳያፍሩ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ እንደ ጎነበሰች ይዛቸው ትቆያለች፤ ሲጨርሱም ሙሉ ክብደታቸውን ተሸክማ ታነሣቸዋለች። ይህንን በቀን ስንት ጊዜ እንደምታደርግ ስጠይቃት «እኔ ቆጥሬው አላውቅም፤ ወገቤ ግን ይቆጥረዋል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በቀዳዳው ላይ የሚቀመጥና የእጅ መደገፊያ ያለው የብረት ወንበር ለመሥራት ስንሞክር ቆይተናል። የመጀመሪያው በሐምሌ ወለሉ ሲረጥብ እግሮቹ ጭቃው ውስጥ ሰመጡ። በሁለተኛው እግሮች ሥር ጠፍጣፋ ብረት በየድንበትና ቆመ፤ ይሁን እንጂ ሽንቱና ወለሉ የሚታጠብበት በረኪና ቀለሙን በሁለት ወር ውስጥ ላጡት፣ ብየዳው ያረፈበት ቦታ ሁሉም መዛግ ጀመረ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አጫጭሮቹ አረጋውያን ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት ስለማይነካ ለመነሣት ከቀድሞው ይበልጥ መቸገራቸው ነው። ሦስተኛው ቁመቱ ከፍና ዝቅ የሚል መሆን አለበት፤ የትኛው ቁመት ለማን እንደሚስማማ፣ የትኛው ቀለምና የትኛው ብረት እንደሚበረክት በግምት ሳይሆን እየለኩና እየመዘገቡ ለማወቅ ግን ጊዜና ገንዘብ ያስፈልጋል።

አሁን አንድ ድጋፍ ሰጪ ድርጅት የ18 ወር ሥራ ወጪ ለመሸፈን ፈቃደኛ ሆኖ፣ ገንዘቡን የሚቀበለውና ሒሳቡን የሚያወራርደው ማን እንደሆነ በጽሑፍ እንድናሳውቀው ጠይቋል። ዲናችን በኮሌጁ ሒሳብ ይግባ ይላሉ። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ በበኩላቸው ገንዘቡ ኮሌጁ ዘንድ ከገባ የተንከባካቢዎቹ ድካም ከዕቅዱ ተረስቶ እንደሚቀር ይሰጋሉ። ሁለቱም እውነት ያላቸው ስለሚመስለኝ ግራ ገብቶኛል። የተንከባካቢዎቹስ ጊዜ እንዴት ይታሰባል? ሥራውንስ ምርምር ብለን ብንጠራው ያስቅብናል?

መልስ 1፦ ጡረተኛ ሒሳብ ሹም

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዕድሜዬን የፈጀሁት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ስለሆነ የምመልስልዎ የማውቀውን ያህል ብቻ ነው።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። የ18 ወር ሥራ ደግሞ ከየትኛውም ወር ቢጀምር ሰኔ 30ን ሳይነካ አያልቅም። ዕርዳታ በራሱ የባንክ ሒሳብ ከተያዘ እንደ መደበኛ በጀት ተመላሽ አይደረግ ይሆናል፤ ነገር ግን ለሚቀጥለው ዓመት መዛወሩ እስኪመዘገብና እስኪፈቀድ ድረስ ገንዘቡ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ግዥውም ቢሆን ከሰኔ መጀመሪያ አንሥቶ ሲቀዘቅዝ ከርሞ ዳግመኛ የሚነቃቃው ሐምሌ ካለቀ በኋላ ነው። እርስዎ እንደነገሩን የእርስዎ ወንበር የሚፈተነው በሐምሌ ጭቃ ነው። ስለዚህ ጠፍጣፋ ብረት ለመግዛት በሚቸኩሉበት ሳምንት ግዥ ክፍሉ የዓመት መዝጊያ ሪፖርት ሲያዘጋጅ ያገኙታል።

ሁለተኛው ነገር ንብረት ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አስቀድሞ አያስብበትም። በኮሌጁ ገንዘብ የተገዛ ቱቦ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ንብረት ክፍል ይገባል፤ ለወርክሾፑ የሚወጣውም በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ደረሰኝ) ነው። ወንበር ሆኖ ሲያልቅም የመንግሥት ንብረት መሆኑ አይቀርም። ያንን ወንበር መንግሥታዊ ላልሆነ ማኅበር «ውሰዱና ሞክሩት» ብሎ መስጠት በእርስዎ ዘንድ ምርምር ነው፤ በኦዲተር ዓይን ግን ሜዳ ላይ የቀረ ንብረት ነው። እኔ ራሴ በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ ለሙከራ የተሰጠ የውኃ መሳቢያ ከሦስት ዓመት በኋላ በኦዲት ግኝት ተመዝግቦ፣ የሰጠው ባለሙያ ከደመወዙ ሊቆረጥበት ሲል በስንት ምልጃ እንደተረፈ አስታውሳለሁ።

በዚህ ምክንያት የምመክርዎ ገንዘቡ በሁለት እጅ እንዲያዝ ነው። ወንበሮቹንና ለእነርሱ የሚሆነውን ዕቃ ማኅበሩ ይግዛ፣ ንብረቱም ከመጀመሪያው የማኅበሩ ይሁን፤ ኮሌጁ ደግሞ ለአሠልጣኞች ጊዜ፣ ለወርክሾፕ መሣሪያና ለመለኪያ የሚያስፈልገውን ብቻ ይቀበል። ድጋፍ ሰጪው ከሁለቱም ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ይፈራረም፤ ወረቀቱም የመግባቢያ ሰነድ ሳይሆን ውል ይሁን። የመግባቢያ ሰነድ ተጨባብጦ ፎቶ ለመነሣት ይበቃል፤ ገንዘብ ለመካፈል ግን ማን፣ ስንት፣ መቼ የሚል ውል ያስፈልጋል።

መልስ 2፦ ነርስ ነኝ (ምዕራብ ጎጃም)

ሒሳብ ሹሙ የጻፉትን ሳነብ ቀድሞ ያጋጠመን ሁሉ ተገለጠልኝ። ከዓመታት በፊት ከአንድ የትምህርት ተቋም የመጡ ሰዎች እኔ በምሠራበት ማዕከል መጠይቅ አስሞልተው፣ አረጋውያኑን አሰልፈው ፎቶ አንሥተው ሄዱ። ተንከባካቢዎቻችን ሁለት ሙሉ ቀን ከሥራቸው ተስተጓጉለው ነበር። ውጤቱን እስከ ዛሬ አላየነውም። አንድ አባት ለብዙ ጊዜ «እነዚያ የጻፉት ልጆች ምን አሉ?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበርና የምመልሰው አጥቼ «ገና ነው» እላቸው ነበር። ስለዚህ የማኅበሩን ሥራ አስኪያጅ ሥጋት በሙሉ ልቤ እረዳለሁ።

የተንከባካቢዎቹ ጊዜ እንዴት እንደሚታሰብ ለጠየቁት፣ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሕተት ለተንከባካቢዋ ትንሽ አበል መድቦ ማለፍ ነው። አበል ማግኘቷን አልጠላም፤ ችግሩ ግን አበሉ ሰዓቷን አያረዝምላትም። እርስዎ ያዩዋት ሴት ወንበሩን ስትሞክር፣ ቁመቱን ስትለካ፣ በደብተር ላይ ስትመዘግብ በቀን አንድ ሰዓት ቢፈጅባት፣ በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ እናት ሽንት ቤት መሄድ አለባቸው። ስለዚህ በበጀቱ ውስጥ መግባት ያለበት ተተኪ ሰው ነው። እኔ ብሆን በዕቅዱ ላይ «ለ18 ወር አንዲት ተጨማሪ ተንከባካቢ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ደመወዟንም በማኅበሩ የደመወዝ እርከን ልክ አሰላለሁ። ይህ ካልሆነ ምርምሩ የሚካሄደው ከአረጋውያኑ ላይ በተቀነሰ ጊዜ ነው።

ምናልባት ሥራ አስኪያጁ ይህን ያህል ደመወዝ ካስገባን የአስተዳደር ወጪያችን ከጣሪያው ያልፋል ብለው ይፈሩ ይሆናል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ነገር ግን በዚያው አዋጅ የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘው ወጪ ነው። አረጋውያንን የምታነሣና ሙከራውን የምትመዘግብ ሴት ደመወዝ የፕሮጀክቱ ሥራ ራሱ ነው፤ ይህንንም በውሉ ውስጥ በግልጽ ማስፈር ይጠቅማል። ማኅበሩ በአዋጁ መሠረት የተመዘገበ ከሆነ ማለቴ ነው። ዕድር ከሆነ አዋጁ አይመለከተውምና መንገዱ ሌላ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከገንዘብ ጋር ባይያያዝም ገንዘቡን ከንቱ ሊያስቀር ስለሚችል ነው። አረጋውያኑን ፈቃዳቸውን ስትጠይቋቸው ሁሉም እሺ ይላሉ። እሺ የሚሉት ግን ወንበሩን ወደውት ላይሆን ይችላል፤ «እምቢ ካልኩ አልጋዬን ይነሡኛል» ብለው ስለሚፈሩም ነው። እኛ ዘንድ ከፍ ያሉ የብረት አልጋዎች በዕርዳታ መጥተው ሁሉም «እግዜር ይስጥልን» ብለው ተቀበሉ፤ ሌሊት ስዞር ግን ሦስት እናቶች ፍራሹን መሬት አውርደው ተኝተው አገኘሁ። አንዷ «ዕድሜዬን መደብ ላይ የተኛሁ፣ አሁን ቆጥ ላይ የወጣሁ ዶሮ መሰልኩ» አሉኝ። ስለዚህ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው ሥራ አስኪያጁም አሠልጣኙም ባይሆን፣ ማዕከሉን በማያስተዳድር ሰው በኩል ቢሆን ይሻላል።

መልስ 3፦ የቀድሞ ባልደረባ

እኔም በአሠልጣኝነት ስሠራ ቆይቼ ለአጭር ሥልጠና ኔዘርላንድስ የመሄድ ዕድል ገጥሞኝ ነበርና በዚያ ያየሁትን ላካፍል። በዚያ አገር ራክ በሚባል የድጋፍ ማዕቀፍ የተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲዎች ከድርጅቶችና ከሕዝብ አገልግሎት ሰጪዎች ጋር ለሚያደርጉት ምርምር ገንዘብ ይሰጣል፤ ለማመልከት ከሚጠየቁት ነገሮች ዋነኛው የምርምሩ ጥያቄ ከሥራው ቦታ፣ ከባለሙያው አፍ የመጣ መሆኑን ማሳየት ነው። ከዚያ በታች ባሉት የሙያ ኮሌጆች ውስጥ ደግሞ ፕራክቶር የሚባል፣ ከማስተማር ጎን ለጎን ምርምርን የሚመራ ሰው አለ፤ ከአሠልጣኞችና ከሠልጣኞች ጋር ሆኖ ይሠራል። እንክብካቤ ከሚያተኩሩባቸው መስኮች አንዱ ነው። ስለዚህ ምርምር ብንለው ያስቅብናል ወይ ላሉት፣ የእርስዎ ጥያቄ የተነሣው ከተንከባካቢዋ ወገብ ነውና በዚያ አገር መመዘኛ ከብዙ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ይልቅ የእርስዎ ይቀድማል።

ነገር ግን ያዩትን ሁሉ መገልበጥ አይገባም። በካናዳ የኮሌጆችና የማኅበረሰብ ድርጅቶች ትብብር በሚደገፍበት አሠራር አጋር ድርጅቱ ከራሱ የሚያዋጣው በጥሬ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሰው ጊዜና በቦታም ሊታሰብለት ይችላል። በእኛ አገር ግን እንዲህ ያለው ነገር ወጥመድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ድጋፍ ሰጪው «ማኅበሩ የሠራተኞቹን ጊዜ ያዋጣል» ብሎ ሲጽፍ፣ ወረቀቱ ላይ የማኅበሩ አስተዋጽኦ ትልቅ ሆኖ ይታያል፤ በተግባር ግን እህታችን ነርሷ እንዳሉት ምንም ትርፍ ሰው የሌለው ማኅበር የሌለውን ያዋጣል ማለት ነው። ትርፍ ሰው የሌለበትን ሰዓት እንደ መዋጮ አታስቆጥሩ።

ደግሞ ይህ ሥራ በመንግሥት በኩል ባለቤት የሚያጣበትን ምክንያት ልጠቁም። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ቴክኒክና ሙያ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ የአረጋውያን ጉዳይ ደግሞ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሆኗል። ኮሌጁ ሪፖርት የሚያደርግለት ቢሮ የአረጋውያንን ጉዳይ አይጠይቅም፤ ማኅበሩን የሚከታተለው ጽሕፈት ቤትም ስለ ብየዳ አያውቅም። ስለዚህ ውሉን ስትፈራረሙ ከሁለቱም መዋቅር አንዳንድ ሰው እንዲገኝ አድርጉ፤ አለበለዚያ ዲናችሁ ሲቀየሩ ሥራውም አብሮ ይቀየራል።

ምዝገባውን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ። ወንበሩ ከመግባቱ በፊት ለአንድ ወር እያንዳንዱ ሰው በቀን ስንት ጊዜ እንደተነሣና በስንት ሰው እንደተነሣ በደብተር ይመዝገብ፤ ከገባ በኋላም በዚያው ደብተር ይቀጥል። ሰውን የሚመለከት ጥናት ስለሆነና ኮሌጆች ብዙ ጊዜ የራሳቸው የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ስለማይኖራቸው፣ በአቅራቢያችሁ ካለ ዩኒቨርሲቲ ገምጋሚ ኮሚቴ ፈቃድ ጠይቁ፤ የሚወስደውንም ጊዜ በዕቅዱ ላይ አስቀድማችሁ ያዙለት።

መልስ 4፦ ኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን (አዊ)

አጭር ሐሳብ አለኝ። እኛ ዘንድ አሠልጣኝ የሚለካው ለኢንተርፕራይዝ፣ ማለትም ለጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅት፣ በሚሰጠው ድጋፍ ነው፤ የክህሎት፣ የካይዘን (አሠራርን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል ዘዴ)፣ የቴክኖሎጂና የሥራ ፈጠራ ድጋፍ ተብሎ ቅጽ ይሞላል። በቅጹ ላይ የአረጋውያን ማኅበር የሚገባበት ቦታ የለም። ስለዚህ እርስዎ ሁለት ዓመት ቢደክሙም በምዘናዎ ላይ ባዶ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ወንበሩ ሲሳካ የሚያመርተው አንድ የተደራጀ የብረታ ብረት ወይም የእንጨት ሥራ ኢንተርፕራይዝ ከወዲሁ በውሉ ውስጥ ማስገባት ነው። ያን ጊዜ ቴክኖሎጂው የተሸጋገረው ለኢንተርፕራይዙ ይሆንና ቅጹም ይሞላል፣ ማኅበሩም ወንበር ሲሰበር የሚጠግንለት ሰው ያገኛል።

ሌላው፣ ለምን ብረት ብቻ? በእንጅባራ አካባቢ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ እናንተም በሲናን በኩል ቀርከሃ አላችሁ። ቀርከሃን በረኪና አያዝገውም፣ ለማንሣትም ቀላል ነው፤ ይነቅዛል እንጂ። እንዳይነቅዝ ምን ዓይነት አያያዝ እንደሚያስፈልገው ደግሞ ራሱ ጥሩ የምርምር ጥያቄ ነው። ቀርከሃ የሚሸጥልዎ ገበሬ ግን ደረሰኝ የለውምና፣ ያለ ደረሰኝ የሚገዛ ዕቃ በምን እንደሚወራረድ ከድጋፍ ሰጪው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ጠያቂ፦ ብረት ሠሪው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መልሶቻችሁን አትሜ ዲናችንንና የማኅበሩን ሥራ አስኪያጅ በአንድ ላይ አስቀምጬ አነበብኩላቸው። ዲናችን የሞዴል 19ኙ ነገር ሲነበብ ሳቁ፤ ከዚያ ዝም አሉ።

የተስማማነው እንደሚከተለው ነው። ወንበሮቹም ዕቃውም በማኅበሩ ሒሳብ ይገዛሉ። የተተኪ ተንከባካቢዋ ደመወዝም በዚያው ይያዛል፤ በውሉ ላይም የፕሮጀክት ሥራ ወጪ መሆኑ ተጽፏል። ኮሌጁ የሚቀበለው ለአሠልጣኞችና ለመለኪያ መሣሪያ ብቻ ሲሆን፣ ለሐምሌና ለነሐሴ የሚያስፈልገው ሁሉ ከግንቦት በፊት እንዲገዛ በጊዜ ሰሌዳው ላይ አስገብተናል። ድጋፍ ሰጪው ስለ ተተኪዋ ሠራተኛ ጥያቄ አንሥቶ ነበር፤ «ማኅበሩ ይህን ከራሱ ሊሸፍን አይችልም?» አለ። ሥራ አስኪያጁ ተንከባካቢዎቹን አስጠርተው የአንድ ቀን ሥራቸውን በሰዓት በሰዓት እንዲናገሩ ሲያደርጉ ጥያቄው ሳይደገም ቀረ።

ፈቃድ መጠየቁን ለአንዲት ጡረታ ለወጡ መምህርት ሰጥተናል። በመጀመሪያው ቀን ከጠየቋቸው ውስጥ አራቱ እምቢ ብለዋል። ነርሷ እንደነገሩን ከሆነ ይህ በጎ ምልክት ሳይሆን አይቀርም፤ አልጋቸውንም ማንም አልነካባቸውም።

የቀርከሃውን ነገር ግን ገና አልወሰንንም። ሠልጣኞቼ እግሮቹ ቀርከሃ፣ መቀመጫው ብረት የሆነ አንድ ወንበር ሞክረው ነበርና ያ የመጀመሪያዋ እናት ተቀምጠው ጠበቅ ጠበቅ አድርገው ከጨበጡት በኋላ «ይኼስ ይነቃነቃል» ብለው ወደ ተንከባካቢዋ እጃቸውን ዘረጉ። አራተኛውን በሚቀጥለው ሳምንት እንጀምራለን። በቀርከሃና በብረት መጋጠሚያ ላይ ልምድ ያለው ሰው ካለ፣ በሚስማር ይሻላል ወይስ በቦሎን?